ሦስት እርምጃ ወደ ባሕር ዳር

እንድሪስ፦ በላ እንጂ! አፉን ሞልቶ በላ! በልቶ የሚከስር ደግሞ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

ባንተአምላክ፦ በፈረሱ አንዲት ወታደር በላ። ከዚያ ፈረሱ ተበላ። ይኼው ነው።

እንድሪስ፦ ዶሮ ልስረቅ ብሎ ገብቶ በሬውን አስይዞ ወጣ በለኛ።

ባንተአምላክ፦ እንደዚያ በለው።

እንድሪስ፦ እና ይኼን ሞኝ ነው «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ዓይንህን ከላዩ እንዳትነቅል» እያላችሁ ሦስት ቁልፍ ያስያዛችሁኝ?

[የካቲት ነው፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት ቀርተውታል። ቦታው ቆቦ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ቼዝ የሚጫወት አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ኮምፒውተሩ አናቱ ላይ ዳንቴል ተደርጎለታል፣ ለአቧራው ሳይሆን ለምቀኛ ዓይን። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው መምህር ባንተአምላክ ነው። ሒሳብ ሊያስተምር ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱ፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ የሚያውቀውን ለሰው ሳይነግር የዋለበት ቀንም የለም። ከኋላው ቆሞ መፋቂያ የሚያኝከው እንድሪስ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ክረምት ሲገባ ማሽላ ገበሬ። ቀርፋፋ ነው ይሉታል። አንድ ነገር ጠይቀውት መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ እስኪመልስ፣ ጠያቂው ሮቢት ከተማ ደርሶ ይመጣል።]

ባንተአምላክ፦ ሞኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ ጋሽ እንድሪስ። ጥልቀቱን አንድ ላይ አድርጌው ነው።

እንድሪስ፦ ምኑን?

ባንተአምላክ፦ ስንት እርምጃ አርቆ እንደሚያይ የሚወስነውን ቁጥር። አንድ ካልከው አንድ ያያል። የሚበላ ነገር ካለ ይበላል፣ ማን እንደሚበላው አያውቅም። ሁለት ካልከው የራሱንም የተጋጣሚውንም ያያል። ሦስት ካልከው፦ እኔ፣ እሱ፣ እኔ።

እንድሪስ፦ ከዚያስ?

ባንተአምላክ፦ ከዚያማ ሦስት አልኩህ እኮ። እዚያ ላይ ያቆማል።

እንድሪስ፦ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ?

ባንተአምላክ፦ እንዳለ።

እንድሪስ፦ ማን በጥፊ እንደሚያተፋው ሳያይ?

ባንተአምላክ፦ አየህ! አሁን የነካኸው ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ ነው። አንተ ሳታውቅ ነው የነካኸው። ፈረንጅ ስንት ዓመት ተጨንቆበታል፤ ይኼ ማሽን ስንት እርምጃ አርቆ ቢያይ ነው የማይሸወደው? አራት ሲሉት አምስተኛው ላይ ጉድ ይፈላል። አምስት ሲሉት ስድስተኛው ላይ። ስድስት ሲሉት...

እንድሪስ፦ ሰባተኛው ላይ።

ባንተአምላክ፦ በጣም ጥሩ! ተማሪ ብትሆን ኖሮ ሰባ ከመቶ እሰጥህ ነበር።

እንድሪስ፦ ለዚህማ ፈረንጅ ባልተጨነቀ። የአጎቴን ልጅ ታሂርን ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር።

ባንተአምላክ፦ ታሂር ቼዝ ይችላል?

እንድሪስ፦ ታሂር ሆርማትን መሻገር አይችልም። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ አህያውን ጭኖ ወንዙ ዳር ደረሰ። ጎርፉ ከተራራው ይወርዳል። አንዱ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ገባ።

ባንተአምላክ፦ አራተኛው መጣ።

እንድሪስ፦ አቦ፣ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ! አዎ መጣ። ታሂር ግራር ላይ ተሰቅሎ አደረ።

ባንተአምላክ፦ አራት ድረስ ቢቆጥር ኖሮ ይድን ነበር።

እንድሪስ፦ አምስተኛው ይወስደው ነበር።

ባንተአምላክ፦ ታዲያ ስንት ይቁጠር?

እንድሪስ፦ አህያው አልቆጠረም።

ባንተአምላክ፦ ምን?

እንድሪስ፦ አህያው አልገባም አለ። ታሂር ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ አባቱን ቢሰድብ፣ እምቢ! ዳር ቆሞ ውሃውን ያያል። ውሃው ደፍርሶ፣ ግንድ እየተንከባለለ እያለ አህያ አይገባም። ሲረጋ፣ ሲጠራ፣ ከሥር ያለው ጠጠር ሲታየው፣ ያኔ ገባ። ጠዋት ታሂርን ግራሩ ላይ ትቶት ተሻገረ።

ባንተአምላክ፦ [ይስቃል] ስለዚህ አህያ ከኮምፒውተር ይበልጣል ነው የምትለኝ?

እንድሪስ፦ ኧረ እኔ ምንም አላልኩ። ያለው አህያው ነው።

ባንተአምላክ፦ የአጎትህ ልጅስ ከሦስት በላይ መቁጠር አይችልም ነበር?

እንድሪስ፦ ነጋዴ እኮ ነው! እስከ ሺህ ይቆጥራል። ገበያው ናፍቆት ነው እንጂ። ሰው መቁጠር የሚያቆመው ደስ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው።

[ባንተአምላክ ይህችን ቃል አልሰማትም። ቢሰማት ኖሮ ይህ ጭውውት እዚሁ ባለቀ፣ እሱም ከብዙ ውርደት በተረፈ። እሱ ግን ቁጥሩን ከአንድ ወደ ሦስት እየቀየረ ነበር።]

እንድሪስ፦ የመጣሁትስ ለሌላ ነው። ልጄ ሲቲ ደብተሯን ይዛ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላለች። የቅዳሜ ሒሳቧን...

ባንተአምላክ፦ ዛሬ የለም በላት። ምናልባትም ከዛሬ በኋላ የለም።

እንድሪስ፦ ከዛሬ በኋላ? ልጅቷ ግንቦት ላይ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አለባት እኮ! የጂኦግራፊው መምህር ጥቅምት ላይ ጥሏቸው ሄደ፤ ሒሳቡም ከሄደ ምን ይዛ ልትፈተን ነው? ስሟን?

ባንተአምላክ፦ አዝናለሁ ጋሽ እንድሪስ። ግን እኔም የራሴ ፈተና አለብኝ። ስለ ፍሬዓለም ነግሬህ የለ?

እንድሪስ፦ የባሕር ዳሯ። እሷም ጂኦግራፊ ናት አይደል?

ባንተአምላክ፦ ጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። እጮኛዬ ናት። አንድ ባንክ ቤት የሚሠራ ሰውዬ እናቷ ጋ ሽማግሌ መላክ ጀምሯል። እሷም ደውላ ምን አለችኝ? «ለዳግም ትንሣኤ ባሕር ዳር ካልገባህ፣ እኔም እናቴን እስከመቼ ላስታምም?» አለችኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ደሳለኝ እዚህ ይመጣል።

እንድሪስ፦ የዝውውር ፈራሚው?

ባንተአምላክ፦ ራሱ። ቼዝ ወዳድ ነው። ኮምፒውተር ይጫወታል ብዬ ስነግረው «እጅ ሳይኖረው?» ብሎ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። ማመልከቻዬ ይኼው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። አሁን ልብ ብለህ ስማ። እርምጃ አንድ፦ ከማሽኑ ጋር ይጫወታል፣ ያሸንፋል። እርምጃ ሁለት፦ ደስ ይለዋል። እርምጃ ሦስት፦ ወረቀቷን ዘርግቼ ብዕር አቀብለዋለሁ፣ ይፈርማል።

እንድሪስ፦ ከዚያስ?

ባንተአምላክ፦ ከዚያማ ባሕር ዳር!

እንድሪስ፦ ከፈረመ በኋላ፣ ከባሕር ዳር በፊትስ?

ባንተአምላክ፦ በመሐል ወልድያ አለ፣ ጋሸና አለ፣ ደብረ ታቦር አለ። ምን ማለትህ ነው?

እንድሪስ፦ እንዲሁ ነው። ሰውዬው ግን ያሸንፋል? ሳጥኑ ቢያሸንፈውስ?

ባንተአምላክ፦ ለዚህ እኮ ነው ሒሳብ የተማርኩት! አምስት ላይ ባደርገው ይረታዋል፤ እኔን ራሴን ሦስት ወር ረትቶኛል። አንድ ላይ ባደርገው ደግሞ ያየኸው ነው፣ እንደ ተራበ ጅብ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፤ ሰውዬው «አላገጥክብኝ» ይላል። ሦስት ግን! ሦስት ላይ ጎበዝ ይመስላል፣ ሰውዬውን ላብ ያስወጣዋል፣ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቦታ ይሳሳታል። በላብ የተገኘ ድል ይጣፍጣል። አቶ ደሳለኝም ቀላል ሰው አይደለም፣ ኮሌጅ እያለ ሻምፒዮን ነበር።

እንድሪስ፦ ማን አለ?

ባንተአምላክ፦ ራሱ።

እንድሪስ፦ [መፋቂያውን ያወጣል] መምህር አምባውም እኮ፣ ካንተ በፊት የነበረው የፊዚክሱ፣ ከዚሁ ሰውዬ ጋር...

ባንተአምላክ፦ ዝም በል ጋሽ እንድሪስ፣ ማሽኑ እያሰበ ነው!

[ማሽኑ ያስባል። ሁለቱም ሰው እንደ ሞተበት ቤት ዝም ብለው ያዩታል። ስክሪኑ ላይ ያቺ የአሸዋ ሰዓት ምልክት ስትገላበጥ ትቆይና ማሽኑ አንድ ወታደር አንድ ቤት ይገፋል።]

እንድሪስ፦ ለዚህ ነው?

ባንተአምላክ፦ ስንት ሺህ መንገድ አይቶ ነው እሷን የመረጠ።

እንድሪስ፦ ሚስቴም ገበያ ውላ እንዲሁ ናት፤ ስንት ሱቅ አይታ ክብሪት ይዛ ትመጣለች። እና አምባው የምልህ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ...

ባንተአምላክ፦ ዝም በል አልኩ! እያሰበ ነው። ይልቅ ሂድና ሲቲን ላካት፤ ከዚያ ለአቶ ደሳለኝ ያቺን እግሯ የማይነቃነቅ ወንበር ከጸሐፊዋ ክፍል አምጣ።

[ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ደሳለኝ በባጃጅ መጣ። ሲያወራ ድምፁ ጎብዬ ከተማ ድረስ የሚሰማ፣ ሆዱ ከሰውየው ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ ኮምፒውተሩን ሰላም አለው፣ ዳንቴሉን አነሳና ከኋላው ሰው እንደሌለ አረጋገጠ። ከዚያ ባንተአምላክን ወደ በሩ አመለከተው። «ማሽኑ ያንተ ነው፤ በዓይን ትጠቅሰዋለህ። ውጣ!» በሩ ተዘጋ። አሁን ሁለቱ ውጭ፣ በካርቶን የተደፈነ መስኮት ሥር ናቸው። ካርቶኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ባንተአምላክ በቀዳዳዋ ቢያይ ነውር ነው፤ ዘበኛ ቢያይ ግን ሥራው ነው። ስለዚህ እንድሪስ ያያል፣ ባንተአምላክ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማል።]

ባንተአምላክ፦ እህ? ምን ላይ ናቸው?

እንድሪስ፦ ሰውዬው ማውሱን ከጠረጴዛው አንስቶ እንደ ማይክሮፎን ይዞታል።

ባንተአምላክ፦ ጨዋታውን ንገረኝ!

እንድሪስ፦ ጥቁሩ ነጩን በላ።

ባንተአምላክ፦ ጥቁር ማሽኑ ነው። ችግር የለም፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይብላ።

እንድሪስ፦ ደግሞ በላ።

ባንተአምላክ፦ ምን በላ?

እንድሪስ፦ ያንን አንገቱን የሰበረውን።

ባንተአምላክ፦ ፈረሱን? በነጻ? ሰውዬውስ ምን አለ?

እንድሪስ፦ «ሆን ብዬ ነው» አለ።

ባንተአምላክ፦ ለማን?

እንድሪስ፦ ለሳጥኑ።

[ለባንተአምላክ ፍሬዓለም ነጭ ለብሳ ከባንክ ቤት ሰውዬ ጎን ስትቆም ታየችው።]

ባንተአምላክ፦ ሻምፒዮን ነበርኩ አላለም እንዴ? ይኼ ሰው አንድ እርምጃ እንኳን አያይም እኮ!

እንድሪስ፦ ሌላ ወታደር ተበላች። አሁንም «ሆን ብዬ ነው» ብሏል፤ ድምፁ ግን ቀነሰ።

ባንተአምላክ፦ አለቀልኝ! ጋሽ እንድሪስ፣ ሮጠህ ቆጣሪውን አጥፋው። መብራት ሄደ እንላለን። ቆቦ ነው፣ ማን ይጠረጥራል?

እንድሪስ፦ መብራት ሲሄድ ሰውዬውም ይሄዳል። ሰውዬው ሲሄድ ብዕሩም ይሄዳል።

ባንተአምላክ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

እንድሪስ፦ ትንሽ ታገስ። ሳጥኑ ጠግቧል እንጂ ገና ቤቱ አልገባም። ያቺ ቀሚሳሟ ማናት?

ባንተአምላክ፦ ንግሥቷ።

እንድሪስ፦ ብቻዋን ጥጉ ድረስ ሄዳ አንዲት ትንሽዬ ወታደር በላች። ለዚያች ጉርሻ ያን ያህል መንገድ! በሬም እንዲሁ ነው መምህር። አጥሩ ጥግ ያለችውን ማሽላ ሲቀነጥብ፣ የገባበትን በር ማን እንደሚዘጋበት አያይም።

ባንተአምላክ፦ ሦስት ላይ ነዋ! እሱ፣ ሰውዬው፣ እሱ፤ መብላቱን አይቶ አቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው አይታየውም። ግን ሰውዬው ካልዘጋባት ምን ዋጋ አለው? በየት በኩል ነው መውጫዋ?

እንድሪስ፦ አንዲት ስርጥ መንገድ ናት የቀረቻት። ሰውዬው ግን እዚያ አይደለም የሚያየው፤ ወዲያ ማዶ ያለ ወታደር ሊያንቀሳቅስ ነው። ማውሱን ያዘ። አጠገቡ ያለችውን ዝንብ እሽ አለ። ዋ!

ባንተአምላክ፦ ምን ሆነ?

እንድሪስ፦ እጁ አዳለጠው፣ ሌላ ነገር ነካ። «ኧረ ይኼን አልነበረም! መልስልኝ!» እያለ ሳጥኑን ይለምናል።

ባንተአምላክ፦ የትኛውን ነካ? የትኛውን?

እንድሪስ፦ ያቺን ስርጥ የምትዘጋውን።

[ባንተአምላክ ግድግዳውን ሳመው። ኖራው ከንፈሩ ላይ ቀረ።]

እንድሪስ፦ ሳጥኑ ዝም ብሏል። አምባውም በዚሁ መስኮት ሥር ነበር እኮ ዳማ የሚጫወቱት፤ ሰውዬው አንዴ የቀመሰውን...

ባንተአምላክ፦ ዝም በል፣ ዝም በል፣ ማሽኑ እያሰበ ነው!

እንድሪስ፦ እሺ።

[ከሦስተኛው «ዝም በል» በኋላ እንድሪስ መፋቂያውን ወደ አፉ መልሶ በእርግጥም ዝም አለ። ንግሥቷ ተበላች። ማሽኑ ግን ከዚያ በኋላም ልማዱን አልተወም፤ እዚህ አንዲት ወታደር፣ እዚያ አንዲት ወታደር እየለቀመ ንጉሡን ሜዳ ላይ ረሳው። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ትምህርት ቤቱ የተናወጠ መሰለ። በሩ ተበርግዶ አቶ ደሳለኝ ወጣ፤ ኮቱ ትከሻው ላይ፣ ማውሱ እጁ ላይ፣ ገመዱ ከኋላው እየተጎተተ።]

ደሳለኝ፦ ባንተአምላክ! የት ነህ አንተ? ንግሥቷን እንዴት እንዳፈንኳት ባየህ!

ባንተአምላክ፦ ጋሽ እንድሪስ ነገረኝ ጌታዬ። ጉድ ነው!

ደሳለኝ፦ ከአሥር እርምጃ በፊት ነው ያየኋት። ፈረሱን ለምን የሰጠሁት ይመስልሃል? ላዘናጋው! ማሽን ነው ብለህ አስፈራርተኸኝ ነበር። ይኼን ነገር ሰው ነው የሠራው፣ እኔን ግን ማን ሠራኝ?

እንድሪስ፦ አላህ።

ደሳለኝ፦ በቃ! ጨርሰኸዋል!

ባንተአምላክ፦ [ወረቀቷን ከኪሱ ያወጣል] ጌታዬ፣ በዚሁ ደስታዎ ላይ፣ ይቺን አንዲት ፊርማ ብቻ...

ደሳለኝ፦ አምጣት! ዛሬ የማልፈርመው ነገር የለም። [ያነባል፤ ፊቱ ይለወጣል] ወደ ባሕር ዳር? አንተ? ሃያ ዓመት አእምሮዬን የሚመጥን ጨዋታ ፈልጌ፣ ዛሬ ያገኘሁትን ሰው ነገ ልሸኝ? ሞኝ መሰልኩህ? [ወረቀቷን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል] «አገልግሎቱ በእጅጉ ስለሚፈለግ... ባለበት... እንዲቀጥል።» ይኼው ፊርማዬ። በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ። ማሽኑን ደግሞ አሳርፈው፤ መጨረሻ ላይ የደከመው መሰለኝ።

[ማውሱን ለእንድሪስ አስረክቦ በመጣበት ባጃጅ ሄደ። ባንተአምላክ ወረቀቷን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እርምጃ አንድ ሆኗል። እርምጃ ሁለት ሆኗል። እርምጃ ሦስትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆኗል፤ ሰውዬው ፈርሟል።]

ባንተአምላክ፦ ገባኝ! በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ላይ አደርገዋለሁ። አሥር! ይርታው፣ ያዋርደው፣ አንድ ወታደር እንኳን አያስተርፍለት። ሰውዬው ይናደዳል። ሲናደድ ዓይንህን አልየው ብሎ ያባርረኛል።

እንድሪስ፦ ከዚያስ?

ባንተአምላክ፦ አንተ ሰው ዛሬ «ከዚያስ» ይዞሃል? ከዚያማ...

[እዚህ ላይ ቆመ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሰው ቀና ብሎ አየ።]

ባንተአምላክ፦ መምህር አምባው ምን ሆነ?

እንድሪስ፦ [መፋቂያውን ቀስ ብሎ ያወጣል፤ ባንተአምላክ ይጠብቃል] አምባውን በዳማ ነው የያዘው። በመጀመሪያው ዓመት አምባው እያወቀ ይሸነፍለት ነበር። ሰውዬው «ጨዋታህ ጣፈጠኝ» ብሎ አስቀረው። በሁለተኛው ዓመት አምባው ተናደደና ረታው። «ብድሬን ሳልመልስ የት አባህ ትሄዳለህ?» ብሎ አስቀረው። በሦስተኛው ዓመት እኩል ለእኩል ወጡ። «ማን እንደሚበልጥ ሳይለይማ» ብሎ አስቀረው።

ባንተአምላክ፦ በስንተኛው ሄደ ታዲያ?

እንድሪስ፦ በአራተኛው። አንድ ቅዳሜ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ መጣና «ጨዋታ ትቻለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አለ። ሰውዬው በሳምንቱ ወልድያ ጣለው። ምን ያደርግለታል?

ባንተአምላክ፦ አለመጫወት ነበር!

እንድሪስ፦ አህያው አልገባም አለ አላልኩህም?

ባንተአምላክ፦ እና ይኼን እያወቅክ ለምን አልነገርከኝም?

እንድሪስ፦ ወላሂ፣ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ዝም በል፣ ማሽኑ እያሰበ ነው» አልከኝ።

ባንተአምላክ፦ አራተኛ አትሞክርም ነበር? ጮህ ብለህ አትናገርም ነበር? ሕይወቴ እኮ ነው!

እንድሪስ፦ [ወደ ዛፉ ያያል፤ ሲቲ ሂጂ ብትባልም አልሄደችም፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሰላለች] መምህር፣ ሲቲ ግንቦት ላይ ትፈተናለች። ሦስቱ ለህሊናዬ ነበሩ። አራተኛውን ብጨምር ሒሳብ የሚያስተምራት የለም። እኔም ጥልቀቴን ሦስት ላይ አድርጌው ነበር።

[ባንተአምላክ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ላይ የቀረው ኖራ ምላሱን ነካው፤ በእጅጌው ጠረገው።]

ባንተአምላክ፦ ፍሬዓለምስ? ዳግም ትንሣኤስ? ያ የባንክ ቤት ሰውዬስ?

እንድሪስ፦ እሷን እያሰብኩ ነበር። እስቲ ልጠይቅህ። አቶ ደሳለኝ ከቆቦ መውጫ ሲፈርም እጁን ያመዋል። መግቢያ ሲሆንስ?

ባንተአምላክ፦ መግቢያ?

እንድሪስ፦ ከባሕር ዳር «ቆቦ መድቡኝ» ብሎ ያመለከተ መምህር አይተህ ታውቃለህ? እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ዘበኝነት አላየሁም። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢደርሰው ሰውዬው ብዕሩን ስሞ ነው የሚፈርመው። የጂኦግራፊው ቦታ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ክፍት ነው። ለዳግም ትንሣኤ አብራችሁ ትሆናላችሁ። ያንተ እርምጃ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚያየው።

ባንተአምላክ፦ ቆይ፣ ቆይ። ጂኦግራፊ? ይኼም ለሲቲ ነው!

እንድሪስ፦ ለሲቲም ነው።

ባንተአምላክ፦ እና ፍሬዓለም ጣናን ትታ እዚህ ሙቀት ውስጥ ትመጣለች?

እንድሪስ፦ እኛም ሆርማት አለን። ዘወትር ባይኖርም፣ ሲመጣ ይመጣል።

[ባንተአምላክ ወረቀቷን ገለበጣት። ጀርባዋ ንጹህ ነው፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ «ውድ ፍሬዓለም» ብሎ ጻፈ፣ ቆመ።]

ባንተአምላክ፦ እሺ፣ ጻፍኩላት እንበል። አነበበችው። ከዚያስ?

እንድሪስ፦ ትስቃለች።

ባንተአምላክ፦ ከዚያስ?

እንድሪስ፦ ለእናቷ ታነብላቸዋለች።

ባንተአምላክ፦ እናቷ እምቢ ቢሉስ? የባንክ ቤቱ ሰውዬ አራተኛ ሽማግሌ ቢልክስ? መጥታ ደግሞ አቶ ደሳለኝ እሷንም ቼዝ ተጫወቺ ቢላትስ? ከዚያስ ጋሽ እንድሪስ? ከዚያስ?

እንድሪስ፦ [መፋቂያውን ወደ አፉ ይመልሳል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ በጣቱ የራሱን አናት ይጠቁማል] ዝም በል መምህር። ማሽኑ እያሰበ ነው።